የአባቴ ካሴቶችና የኦርጋን ድምፅ

በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ታሪክና ስለ ጤና መጻፍ የተለመደ ነው። እኔ ግን ዘንድሮ ስለ አንድ ድምፅ ልጽፍ ተነሥቻለሁ። ይኸውም ወላጆቻችን ወጣት በነበሩ ጊዜ በካሴት ይሰማ የነበረው የኦርጋን ድምፅ ነው። እኛ ኦርጋን የምንለውን መሣሪያ ባለሙያዎች ሲንተሳይዘር ይሉታል።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ክረምት ነው። በአሬካ በኩል ወደሚገኘው ወደ አያቴ ቤት ሄጄ ሳለሁ፣ በማሽላው ማሳ ዙሪያ ወፍ እንዲያባርር የተዘረጋ የካሴት ክር አየሁ። ነፋስ ሲመታው ያፏጫል። ክሩ የአባቴ ነበር። «ከእንግዲህ ማን ይሰማዋል» ተብሎ ከሶዶ አንድ ካርቶን ሙሉ ካሴት ተልኮ ኖሮ፣ እኩሌታው ለወፍ ሆኗል። የተረፈውን ለምኜ ይዤ ተመለስሁ፤ ቴፕ ደግሞ ጎረቤታችን አዋሱን።

ስሰማቸው ተገረምሁ። በዛሬ ወጣቶች የኮምፒዩተር ሙዚቃ ውስጥ አዲስ ነው እያልሁ የምወደው ድምፅ ለካስ ድሮ የነበረ ነው።

ክራር ድምፅ የሚሰጠው ጅማቱ ሲንቀጠቀጥ ነው፤ ዋሽንትም በትንፋሽ ነው። ሲንተሳይዘር ግን ኤሌክትሪክን እያወዛወዘ ሞገድ ይፈጥርና በድምፅ ማጉያ ያሰማዋል። አሜሪካዊው ሮበርት ሙግ እ.ኤ.አ. በ1964 መሥራት የጀመረው ዓይነት፣ በመጀመሪያ ሻካራ ሞገድ ያወጣና ጠላ እንደሚጠለል የማይፈለገውን እያስቀረ ያለሰልሰዋል። የጃፓኑ ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው ዲ ኤክስ 7 አሠራሩ ሌላ ነው። አንዱ ሞገድ ሌላውን ሞገድ እንዲያናውጠው ስለሚያደርግ፣ እንደ ደወል ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል።

እነዚህ መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ የጥሩንባውን፣ የዋሽንቱን፣ የፒያኖውን ድምፅ እንዲመስሉ ይፈለግ ነበር፤ ሆኖም በደንብ አልመሰሉም። ዛሬ የምንወድላቸው ያንኑ አለመምሰላቸውን ነው።

ስለዚህ ነገር ሳስብ የአቶ ኃይሉ መርጊያ ታሪክ ትዝ ይለኛል። እርሳቸው በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ይጫወት በነበረው በዋልያስ ባንድ ውስጥ የኦርጋን ተጫዋች ነበሩ። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ለሙዚቃ ጉዞ ወደ አሜሪካ ሲሄድ አብረው ሄደው እዚያው ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻቸውን ሆነው፣ በወጣትነታቸው የለመዱትን አኮርዲዮን ከሙግና ከዲ ኤክስ 7 ጋር አዋሕደው አንድ ካሴት ቀዱ። ኋላም ታክሲ ነጂ ሆኑ፤ በአውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቁ በመኪናቸው ውስጥ የያዙትን ኪቦርድ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ያን ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተመው። አቶ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ ሥራቸውን አወጡ። ያ ካሴት ባሕር ዳር ሳይሆን አያቴ ማሳ ላይ ደርሶ ቢሆን ኖሮ!

አባቴ ግን በዚህ አድናቆቴ አይስማማም። «ይህ የምትወደው ኦርጋን ስንቱን ጥሩንባ ነፊ ከሥራ እንዳስወጣ ታውቃለህን?» ይለኛል። ነገሩ እውነት ነው። አንድ ሰው በኪቦርድ ብቻ ዘፋኝ ማጀብ ከቻለ በኋላ፣ ስድስትና ሰባት ሰው መቅጠር ለብዙው ቤት ከባድ ሆነ። የእኛም አገር ዘፈን ከዚህ አላመለጠም። በጊፋታ ዲንካ ሲነፋ የሰማ ሰው፣ በኪቦርድ የተሠራውን የዲንካ ድምፅ ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። እኔ ለአባቴ የሰጠሁት መልስ የለም፤ ሆኖም ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ።

ከጓደኛዬ ጋር እስካሁን 11 ካሴት ወደ ኮምፒዩተር ገልብጠናል። ክሩ የተጣበቀውን በእርሳስ ቀስ አድርገን እያጠነጠንን ነው የሠራነው። ከእነርሱ አንዱ በወላይትኛ የተዘፈነ ነው፤ ኦርጋኑ ብቻውን ያጅበዋል፤ በየመካከሉም የሰው ሳቅ ይሰማል። ሽፋኑ ስለጠፋ ዘፋኙ ማን እንደ ሆነ አባቴም አላወቀውም። በወላጆች ቀን ቴፑን በቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ አስቀምጠዋለሁና፣ ድምፁን የሚያውቅ ወላጅ ቢኖር ስሙን እንዲነግረኝ በትሕትና እለምናለሁ።