ሰማንያው ሲቀደድ

ፍቺን «ሰማንያ መቅደድ» እንለዋለን። አባባሉ ነገሩን የአንድ ቅጽበት ሥራ ያስመስለዋል። የፍርድ ቤት ደጅ የጠና ሰው ግን ሌላ ያውቃል፤ ጋብቻው በጥቂት ወራት ይፈርስና ከዚያ ወዲያ የሚከፈተው የንብረት ክፍፍል መዝገብ ከቀጠሮ ቀጠሮ ሲንከባለል ይኖራል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሚያስወስነው በቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበር። ባል የቤተሰቡ አለቃ ነው ይል ነበር፤ ጥፋተኛ የተባለ ተጋቢም ከንብረት ድርሻው ሊቀጣ ይችል ነበር። ይህን የለወጠው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ሆነ፤ ባልና ሚስትም በንብረት አስተዳደር እኩል ሆኑ። አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። አብዛኞቹ ክልሎች የየራሳቸው ሕግ አላቸው፤ የአማራ ክልሉ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። እዚህ የማወራው ስለ ፌዴራሉ ነው።

ሕጉ ስለ እያንዳንዱ ንብረት የሚጠይቀው መቼና እንዴት እንደ መጣ ነው። ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ ወይም ከጋብቻ በኋላ በውርስና በስጦታ የተገኘ ከሆነ የግል ነው። በትዳር ዘመን ተሠርቶ የተገኘ የጋራ ነው። አጠራጣሪ የሆነውስ? እሱም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ «የግሌ ነው» የሚለው ወገን ያስረዳ። ካርታው ወይም ሊብሬው በማን ስም እንደ ወጣ ብቻውን ነገሩን አይቆርጠውም። ቤይሩት ሰው ቤት ተቀጥራ የምትልከው ገንዘብ እዚህ በባሏ ስም ቤት ቢገዛበት፣ ቤቱ የሁለቱ ነው። እሷ ቤት ስትጠብቅ እሱ በደመወዙ መኪና ቢገዛም እንዲሁ።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የግል ቤት አለኝ ያለች ሴት ቤቱ የግሏ ሆኖ ይቀራል፤ ኪራዩ ግን በጋብቻው ዘመን የጋራ ገቢ ነው። ከዚህም የባሰ አለ። አባቷ ያወረሷትን ወርቅ ሸጣ ባጃጅ ገዛች እንበል። ወርቁ የግሏ ነበር። በወርቁ የተገዛው ባጃጅ የግሏ የሚሆነው ግን ፍርድ ቤት ጠይቃ «የግሏ ነው» ተብሎ ሲወሰንላት ነው። ፍቅር ባለበት ቤት «ፍርድ ቤት ሄጄ የግሌ ላስብል» ብላ የምትነሳ ሚስት፣ ወይም እንዲህ የሚል ባል፣ ማን ነው? ሕጉ አዋቂ ነው፤ እዚህ ላይ ግን የባልና የሚስትን ባሕርይ የረሳው ይመስለኛል።

የጋራ የተባለው እኩል ይካፈላል። ማን በደለ የሚለው ድርሻውን አይነካም፤ ለፍቺው ምክንያት የሆነው ወገን ለተበደለው ካሳ እንዲከፍል ግን ፍርድ ቤቱ ሊወስን ይችላል። በዓይነት መካፈል ከተቻለ በዓይነት ይካፈላል። ኮንዶሚኒየም ለሁለት አይሰነጠቅም፤ አንዱ የሌላውን ግማሽ በግምት ከፍሎ ያስቀራል። ካልተስማሙ ሐራጅ ነው። ለቤቱ ጥቅም የተገባ ዕዳም የሁለቱ ነው። ጠቡ ሲጀምር ቤቱን በድብቅ ለመሸጥ የሚሯሯጥ አይጠፋም፤ የማይንቀሳቀስ የጋራ ንብረት ግን ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም፣ አይከራይም፣ በመያዣም አይሰጥም።

ያለ ሰማንያ የኖሩትንም ሕጉ አልዘነጋም። እንደ ባልና ሚስት ከ3 ዓመት ላላነሰ ጊዜ አብረው ከኖሩ፣ በዚያ ዘመን ያፈሩት የጋራ ይሆናል።

ቀለብ ሌላ ነገር ነው። ቃሉ የወታደር ስንቅ፣ የፈረስ ገብስም ነው፤ በቤተሰብ ሕግ ግን ምግብ፣ መጠለያ፣ ልብስ፣ ሕክምናና ትምህርት ሁሉ ቀለብ ነው። ንብረት ያለፈውን እያየ ሲካፈል ቀለብ ግን የዛሬውን ያያል፤ የተቀባዩን ችግርና የሰጪውን አቅም። በመቶ ይህን ያህል የሚባል ቁርጥ የለውም። ኑሮ ሲወደድ ወይም የሰጪው ገቢ ሲለወጥ እንዲሻሻል መጠየቅ ይቻላል። የደመወዝተኛ ቀላል ነው፤ ትእዛዙ ለመሥሪያ ቤቱ ይደርስና ከደመወዙ ይቆረጣል። አስቸጋሪው ገቢው በወረቀት የማይታይ ነጋዴ ነው። አቅም እያለው የቀለብ ግዴታውን የማይወጣ ሰው በ1996ቱ የወንጀል ሕግም ይጠየቃል።

ብዙዎች የማይጠብቁት ደግሞ ይኸው፦ ከፍቺ በኋላ የሚቆረጠው ቀለብ የልጅ ነው። የፍቺው ክርክር እስኪያልቅ ፍርድ ቤቱ ስለ ተጋቢዎቹም መተዳደሪያ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ፍቺው ከጸና በኋላ ግን የቀድሞ ባል ለቀድሞ ሚስት፣ ወይም እሷ ለእሱ፣ እየቆረጡ የሚሰጡት ወርኃዊ ቀለብ ሕጉ አላስቀመጠም። በሌላ አነጋገር፣ ሥራዋን ትታ 15 ዓመት ልጅ ስታሳድግ ለኖረች ሴት ሕጉ የያዘላት ያቺን ግማሽ ነው። ቤት ካለ የቤት ግማሽ ታገኛለች። በኪራይ የኖሩ ከሆነስ? አንድ ቁም ሳጥን፣ አንድ ፍሪጅ፣ ለመነሻ የማይበቃ የባንክ ደብተር። የእኩል ክፍፍሉ ፍትሕ እዚህ ሲደርስ ይሳሳብኛል።

ይህን ቀድሞ ማሰብ የፈለገ ሰው መንገድ አለው። የጋብቻ ውል በጽሑፍ ይደረግና ከሙሽራው በኩል 2፣ ከሙሽራዋ በኩል 2 ምስክሮች ይፈርሙበታል። ስለ ንብረታቸው መዋዋል ይችላሉ። ምስክር እንዳይቸግር ደግሞ ልጅቷን ሊጠይቁ የተላኩት ሽማግሌዎች በዕለቱ ሳሎን ተቀምጠዋል። ጥሎሹ ይነሳል፣ የሠርጉ ቀን ይቆረጣል፣ የአጃቢው ብዛት ሳይቀር ክርክር ያስነሳል። ውሉን ያነሳ ሽማግሌ ግን እስካሁን አላየሁም።