«ጀርኒማን» የተባለው የቤዝቦል ቃል በአማርኛ እንዴት ይፈታ?

የአሜሪካንን ቤዝቦል ታሪክ ወደ አማርኛ ለሚመልስ ተርጓሚ ከሚያስቸግሩት ቃላት አንዱ «ጀርኒማን» ነው። በቃሉ ድምፅ ተመርቶ «መንገደኛ» ቢለው ይሳሳታል፤ ሥርወ ቃሉን ተከትሎ «የቀን ሠራተኛ» ቢለውም እንደዚሁ። ሁለቱም ስሕተቶች የአንድን ሰው የሥራ ዘመን ከክብሩ ዝቅ የሚያደርጉ ስለሆኑ ነገሩን ዘርዘር አድርጎ ማየት ይገባል።

የቃሉ ምንጭ ቀንን ወይም የአንድ ቀን ሥራን የሚያመለክተው «ዡርኔ» የተሰኘው የፈረንሳይኛ ቃል ነው። በእንግሊዝ አገር በእጅ ሙያ ማኅበራት ዘንድ ጀርኒማን ይባል የነበረው፣ የለማጅነት ዘመኑን የፈጸመ፣ ነገር ግን የራሱን ሥራ ቤት ከፍቶ አለቃ ያልሆነ፣ እየተከፈለው በሌላው ቤት የሚሠራ ሙያተኛ ነበር። ስለሆነም የቃሉ እምብርት መንገድ ሳይሆን ተምሮ የተጠናቀቀ ሙያ ነው። ከደብር ደብር የሚዞረውን የቆሎ ተማሪ ለአቻነት የሚያስብ ይኖር ይሆናል፤ ተማሪው ግን ገና ትምህርቱን ያልጨረሰ ነው። በቤዝቦል ቃሉ ሌላ ፍች ደርቦአል፤ ይኸውም ኮከብ ያልተባለ፣ ሥራውን ግን የሚያውቅ፣ ከክለብ ወደ ክለብ የሚሄድ ተጫዋች ማለት ነው።

ለምሳሌ በ1968 በካናዳ የተወለደውን ማት ስቴርስን እንውሰድ (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ስቴርስ በ1992 በሞንትሪያል ኤክስፖስ ከፍተኛውን ሊግ ተቀላቀለ፤ በ1993 በጃፓን ተጫወተ፤ በ1999 ለኦክላንድ 38 ሆም ረን መታ፤ በ2011 በዋሽንግተን ናሽናልስ ጨረሰ። ሆም ረኖቹ በድምሩ 265 ናቸው። በ2006 ብቻ የሦስት ክለቦችን ማልያ ለብሶአል፤ ካንሳስ ሲቲ በሐምሌ ለቴክሳስ በሌላ ተጫዋች ለወጠው፤ ቴክሳስ መብቱን በተወ ጊዜ ደግሞ ዴትሮይት ውሉን ተረከበ። እዚህ ላይ ከእግር ኳስ የለመድነው «ዝውውር» አይበቃም። በቤዝቦል አብዛኛውን ጊዜ ተጫዋቹ ሳይጠየቅ ውሉ በሌላ ተጫዋች ይለወጣልና «ልውውጥ» የሚለው ይሻላል።

የቁጥርም ጣጣ አለ። አንዱ ምንጭ ስቴርስ በ12፣ ሌላው በ13 ተጫወተ ይላል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። የሞንትሪያሉ ድርጅት በ2005 ወደ ዋሽንግተን ተዛውሮ ስሙን ስለ ለወጠ፣ ሰውየው በመጨረሻ የገባው ከጀመረበት ድርጅት ነበር። ተርጓሚው «ክለብ» ን ለድርጅቱ፣ «ቡድን» ን ከተማና ስም ይዞ ለሚሰለፈው ቢለይ፣ 12 ክለብና 13 ቡድን ብሎ ያለ ግርግር ይጽፋል። ሁለቱን ቃላት እያፈራረቅን መጠቀማችን፣ በበኩሌ፣ በስፖርት ጽሑፋችን ውስጥ የቆየ ስንፍና ይመስለኛል።

«አውትፊልደር» ም ወጥመድ አለበት። ቃል በቃል «የውጪ ሜዳ ተጫዋች» ቢባል፣ «ከሜዳው ውጪ» ማለት በእንግድነት መጫወት መሆኑን የለመደው አንባቢ ተጫዋቹ በሰው ከተማ ብቻ የሚሰለፍ ይመስለዋል። ነገሩ ግን የቦታ ነው። ከሚከላከሉት ዘጠኝ ተጫዋቾች ሦስቱ ከውስጠኛው ሜዳ ባሻገር ባለው ሣር ላይ በግራ፣ በመሐልና በቀኝ ይቆማሉ። ስለዚህ «የሩቅ ሜዳ ተጫዋች» ማለት ይቀላል። የገናን ጨዋታ ቃላት ወደዚህ ማምጣትን ግን አልደግፍም፤ ሩር በመሬት የሚመታ እንጂ ከወርዋሪ እጅ በአየር የሚመጣ አይደለም። «ሆም ረን» ም «የቤት ሩጫ» ከሚባል እንዳለ ቢቀር ይሻላል።

ለ«ጀርኒማን» «ተዘዋዋሪ ሙያተኛ» የሚለውን አቀርባለሁ። «ዟሪ» የሚለው ቃል የሥራ ፈት ሽታ አለው፤ «ተዘዋዋሪ» ግን በ«ተዘዋዋሪ ችሎት» እንደምናየው ሥራውን ይዞ ወደሚፈለግበት የሚሄደውን ያመለክታል።

ስያሜዎቹን በአንድ ዐረፍተ ነገር እንፈትናቸው፤ «ጥቅምት 13 ቀን 2008 ፊላደልፊያ ከሎስ አንጀለስ ጋር 5 ለ 5 እንደ ሆኑ፣ በነሐሴ ከቶሮንቶ በልውውጥ የመጣው የ40 ዓመቱ ተዘዋዋሪ ሙያተኛ፣ የሩቅ ሜዳ ተጫዋቹ ስቴርስ፣ በተተኪ መቺነት ገብቶ በመታው ሆም ረን ቡድኑ 7 ለ 5 መራ፤ በዚሁ ውጤትም አሸነፈ።» ስቴርስ በተተኪ መቺነት በመታቸው 23 ሆም ረኖች የሊጉን ክብረ ወሰን ይዞአል። «ተዘዋዋሪ ሙያተኛ» በሚለው ቦታ «መንገደኛ» ቢገባ፣ አንባቢው ሰውየው ከደጅ ሲያልፍ ተጠርቶ የገባ ይመስለው ነበር።