ከርኅራኄ ወደ ማስተዋል፦ ስለ እንስሳት በጎ አድራጎት በክፍል ማስረዳት የሚያስተምረው

በሰንበት ትምህርት ቤትም ሆነ በመደበኛው ትምህርት ቤት አንድ ተማሪ ርእስ መርጦ፣ አጥንቶ፣ በጓደኞቹ ፊት ቆሞ እንዲያስረዳ ማድረግ የተለመደ የማስተማሪያ መንገድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የምንመዝነው ግን የአቅራቢውን አንደበት ነው። ድምፁ ተሰምቷል ወይ? ሳይደናቀፍ ጨርሷል ወይ? እንላለን። ጥያቄዎቹ ተገቢ ቢሆኑም ዋናው ፍሬ ሌላ ነው። ስለ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ በተለይም እንስሳትን ስለሚረዳ ድርጅት ለክፍሉ የሚያስረዳ ወጣት፣ ማዘንና መርዳት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ይማራል። በሁለቱ መካከል ያለው ድልድይ የችግሩን ምክንያት መረዳት ነው። ይህ ትምህርት የልማት ሥራ ለሚመሩ የሰበካ ጉባኤ አባላትና ካህናትም ይጠቅማል።

ስለ እንስሳት ማስረዳት ለምን ይመረጣል?

የተረዳ ሰው በራሱ አንደበት ሊመሰክር ይችላል። እንስሳ ግን «ተረድቻለሁ» ወይም «አልተረዳሁም» አይልም። ስለዚህ አቅራቢው ማስረጃውን በዓይን ከሚታየው መፈለግ አለበት፤ ከጀርባው ገጣባ፣ ከሰኮናው፣ ከጭነቱ ክብደት፣ ከሚጠጣው ውሃ። በዚህም ምክንያት ርእሱ ለወጣቶች ጥሩ የምርመራ ልምምድ ይሆናል።

አህያን እንውሰድ። ኢትዮጵያ በዓለም ላይ ብዙ አህዮች ካሏቸው አገሮች በግንባር ቀደምነት ትጠቀሳለች። ውሃ ከምንጭ፣ እህል ከወፍጮ፣ ማገዶ ከጫካ የሚመጣው በአብዛኛው በአህያ ጀርባ ነው። ይሁንና ስሙ ለስድብ የሚውል እንስሳ በመሆኑ፣ ስለ አህያ ሊናገር የቆመ ወጣት በመጀመሪያ የሚገጥመው ሳቅ ነው። ሳቁን በቁጣ ማስቆም አያስፈልግም። «ዛሬ ጠዋት ቤታችሁ የገባው ውሃ በምን ተጭኖ መጣ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን ክፍሉን ወደ ቁም ነገሩ ይመልሰዋል። ከጭነት በታች የወደቀ አህያ የጠላት እንኳ ቢሆን ባለቤቱን ማገዝ እንደሚገባ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 23 የተሠራውን ሕግ አባቶች ካህናት ለወጣቶቹ ቢያስታውሷቸው ደግሞ ርእሱ ለአደባባይ የሚበቃ መሆኑን ይረዳሉ።

ጉዳዩ የዘመናችንም ነው። በቢሾፍቱ ተከፍቶ የነበረው የአህያ ቄራ በሕዝብ ተቃውሞ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2017 ተዘግቷል። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ለቆዳ ንግድ ሲባል አህያ እንዳይታረድ የሚያግድ ውሳኔ አሳልፈዋል። አህያ አንድ ውርንጭላ ለመውለድ አንድ ዓመት ያህል ታረግዛለች፤ ስለዚህ ቁጥሩ አንዴ ከተመናመነ ቶሎ አይተካም። አህያ ከቤት በጠፋ ጊዜ ጭነቱ የሚመለሰው ወደ እናቶችና ልጃገረዶች ጀርባ ነው።

አንድ ምሳሌ፦ የካይሮው ሆስፒታል

ለክፍል ማብራሪያ ከሚመቹት ታሪኮች አንዱ «ብሩክ» የተሰኘው ድርጅት አመሠራረት ነው። ስሙ ከእኛው «ብሩክ» ጋር ቢመሳሰልም የመሥራቿ የቤተሰብ ስም ነው። እንግሊዛዊቷ ዶሮቲ ብሩክ የጦር መኮንን ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1930 ወደ ካይሮ መጡ። በዚያም በአንደኛው የዓለም ጦርነት አገልግለው ጦርነቱ ሲያበቃ ለግብፃውያን የተሸጡ ፈረሶች አርጅተውና ከስተው በከተማይቱ ጎዳናዎች ሸክም ሲጎትቱ አገኙ።

ወይዘሮ ዶሮቲ እ.ኤ.አ. በ1931 «ሞርኒንግ ፖስት» ለተባለው የለንደን ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፉ። ሕዝቡ ገንዘብ ላከ፤ ኮሚቴም ተቋቋመ። በሦስት ዓመታት ውስጥ 5,000 ያህል የቀድሞ የጦር ፈረሶች ከባለቤቶቻቸው ተገዙ። አብዛኞቹ ከማርጀታቸውና ከመድከማቸው የተነሣ ሊድኑ የማይችሉ ስለነበሩ ያለ ጭንቀት እንዲሞቱ ተደረገ።

ብዙ አቅራቢዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ሊያቆሙት ይችላሉ፤ ዋናው ትምህርት ያለው ግን ከዚህ በኋላ ነው። የጦር ፈረሶቹ ቢያልቁም በካይሮ ጎዳናዎች በሺህ የሚቆጠሩ ሌሎች ፈረሶች፣ በቅሎዎችና አህዮች በሥቃይ ይሠሩ ነበር። እነዚህን ሁሉ ገዝቶ መጨረስ አይቻልም፤ ባለቤቶቻቸውም በእነርሱ ጉልበት የሚያድሩ ድሆች ነበሩ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1934 የሥራ እንስሳት በነፃ የሚታከሙበት ሆስፒታል በካይሮ ተከፈተ። ከመግዛት ወደ ማከም የተደረገው ይህ ሽግግር የችግሩን ምክንያት ከማስተዋል የመጣ ነበር።

ከክፍሉ የሚነሡ ጥያቄዎች

አቅራቢው ከማንበብ ይልቅ ከአድማጮቹ ጥያቄ የበለጠ ይማራል። ሦስት ጥያቄዎች መነሣታቸው አይቀርም።

የመጀመሪያው «ሰው እየተራበ ለእንስሳ ገንዘብ ማውጣት ለምን?» የሚለው ነው። መልሱ ከካይሮው ታሪክ ይገኛል። የባለጋሪው ፈረስ ሲሞት የቤተሰቡ እንጀራ አብሮ ይሞታል፤ እንስሳውን ማዳን ቤቱን ማዳን ነው። ይህን መልስ የሚሰጥ ወጣት ጥያቄውን ሳይንቅ ማስረዳትን ይለማመዳል።

ሁለተኛው «ባለቤቶቹ ለምን አይቀጡም?» የሚል ነው። ጭካኔ ሲታይ ዝም ማለት አይገባም። ነገር ግን ድህነትን፣ የሕክምና እጦትንና የመንገዱን ክፋት ትቶ በባለጋሪው ላይ ብቻ መጮኽ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የተባለውን ዓይነት ይሆናል።

ሦስተኛው «ገንዘቡ ሲያልቅስ?» የሚለው ሲሆን፣ ከሁሉም የከበደ ነው። ሕክምናም ብቻውን አይበቃም፤ ገጣባው የዳነለት አህያ ወደዚያው ጎርባጣ ጭነት ቢመለስ ቁስሉም ይመለሳል። ስለዚህ ድርጅቱ በዛሬው ጊዜ በኢትዮጵያም ጭምር በሚሠራው ሥራ፣ ሰኮና የሚያርሙ፣ የጭነትና የጋሪ ዕቃ የሚሠሩና እንስሳትን የሚያክሙ የአካባቢ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ላይ ያተኩራል። ዕውቀቱ በመንደሩ ይቀራልና።

አቀራረቡን ለማዘጋጀት

መምህራንና የሰንበት ትምህርት ቤት ኃላፊዎች ወጣቶቹን እንዲህ ሊመሯቸው ይችላሉ፦

1. ከመናገር በፊት ማየት። በገበያ ቀን የሚመጡትን አህዮች ይቁጠሩ፤ ስንቱ ገጣባ እንዳለበት ይመዝግቡ። ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ ፎቶግራፍ አያንሡ፤ ድሃን ማሳፈር በጎ አድራጎት አይደለም።

2. በመለኪያ መመርመር። የብሪታንያ የእርባታ እንስሳት ደኅንነት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣቸው አምስቱ ነፃነቶች ቀላል መለኪያ ናቸው፤ ከረኃብና ከጥም፣ ከምቾት ማጣት፣ ከሕመምና ከጉዳት፣ ከፍርሃትና ከጭንቀት ነፃ መሆን፣ እንዲሁም እንደ ተፈጥሮው የመኖር ነፃነት።

3. ያዩትን ከሰሙት መለየት። ድርጅት ስለ ራሱ የሚናገረው አንድ ነገር ነው፤ ተጠቃሚው የሚናገረው ሌላ ነው። አቅራቢው ሁለቱን በየስማቸው ይጥራቸው።

4. አሰቃቂ ሥዕል አለማስቀደም። ገና ከመጀመሪያው ዓይኑን የከደነ አድማጭ ጆሮውንም ይከድናል።

5. ለጥያቄ በቂ ጊዜ መተው። አሥር ደቂቃ ከተናገሩ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ይጠየቁ።

ለሰበካ ጉባኤያትና ለልማት ኮሚቴዎች

ወጣቶቹ በክፍል ያቀረቡትን ለኮሚቴው ደግመው እንዲያቀርቡ ይጋበዙ። ኮሚቴውም እነዚያኑ ጥያቄዎች ወደ ራሱ ያዙር። የውሃ ቦኖ ስናሠራ አጠገቡ የእንስሳት መጠጫ ገንዳ አስበናልን? ወፍጮ ቤት ስንተክል ተራ ለሚጠብቁት አህዮች ጥላ አለን? በበዓለ ንግሥ ዕለት ምእመናን ከቅጽሩ ውጭ የሚያስሯቸው በቅሎዎችና አህዮች እስከ ማምሻ ውሃ ያገኛሉን? በበጀት መዝገብ ላይ ትናንሽ የሆኑት እነዚህ ነገሮች ለአንድ ችግረኛ ቤተሰብ ትልቅ ናቸው።

ወጣቶቹ ላቀረቡት አሳብ መልሱ «እንዲህ እናደርጋለን» ወይም «በዚህ ምክንያት አንችልም» የሚል ይሁን፤ በቃለ ጉባኤም ይመዝገብ። አንድ ወጣት አጥንቶ፣ ደፍሮ ተናግሮ፣ ተጨብጭቦለት ምንም ካልተከተለ፣ መናገር ከንቱ መሆኑን ተምሮ ይወጣል። ከተናገረው ውስጥ አንድ የውሃ ገንዳ እንኳ ተሠርቶ ካየ ግን፣ ነገ የሰበካውን ሥራ የሚረከብ ሰው አግኝተናል ማለት ነው።