አዲስ የተተከለ የፖም ዛፍ እንዲያብብ ለመርዳት

ፖም የተከሉ የደጋ ገበሬዎች ዘወትር የሚያቀርቡልን አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ዛፉ ለምልሟል፤ ቅጠሉም ያማረ ነው፤ ነገር ግን ሦስት ዓመት ሙሉ አበባ አላሳየንም። መካን ይሆን? ነቅለን ገብስ እንዝራበት?» የሚል ነው። ገበሬው ለችግኙ ገንዘብ አውጥቷል፤ ካለችው ጥቂት መሬትም ቆርሶ ሰጥቷል። ስለዚህ ጥያቄው በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ሆኖም ዛፉን ለመንቀል መቸኮል አይገባም እንላለን። የፖም ዛፍ ሳያብብ የሚቆየው አብዛኛውን ጊዜ መካን ሆኖ ሳይሆን፣ ከሚያስፈልጉት ነገሮች አንዱ ስለጎደለበት ነው።

የችግኙ ዓይነትና ዕድሜ

ከፍሬው ተዘርቶ የበቀለ ፖም እስኪያብብ ከ6 እስከ 10 ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ፍሬውም እንደ እናት ዛፉ አይሆንም። በሌላ ሥር ላይ የተጣበቀ ችግኝ ግን ቶሎ ይደርሳል። ለምሳሌ ኤም ኤም 106 በተባለው ሥር ላይ የተጣበቀ ችግኝ በደህና ከተያዘ ከ2 እስከ 4 ዓመት ባለው ጊዜ ሊያብብ ይችላል። ከዚህም ሌላ የአበባው እምቡጥ የሚፈጠረው ከመፈንዳቱ በፊት ባለው የዕድገት ወቅት መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ስለሆነም ዘንድሮ የተደረገ እንክብካቤ ውጤቱ የሚታየው በሚመጣው ዓመት ነው።

የብርድ ፍላጎት

ፖም የብርድ አገር ተክል ነው። እምቡጡ ከእንቅልፉ ለመንቃት ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆኑ ብዙ ሰዓቶች ያስፈልጉታል። አብዛኞቹ የአውሮፓ ዝርያዎች 800 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈልጋሉ። በእኛ ደጋ ሌሊቱ ቢበርድም የቀኑ ፀሐይ ከሌሊቱ ብርድ የተገኘውን ጥቅም ከፊሉን ያጠፋዋል። በዚህ ምክንያት በጥቂት ብርድ የሚረኩ ዝርያዎችን መምረጥ ግዴታ ነው። ከእነዚህም መካከል በእስራኤል የተዳቀለው አና እና በባሃማስ ደሴቶች የተገኘው ዶርሴት ጎልደን ይጠቀሳሉ። ሁለቱም 300 ሰዓት ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ብርድ ይበቃቸዋል። ፖም ከገብስና ከእንሰት ጎን በሚታይበት በጋሞ ደጋ፣ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በጨንቻም የእነዚህ ዓይነት ዝርያዎች ይለማሉ።

አተካከል

ችግኙ በክረምት መግቢያ፣ ጎኑም ጥልቀቱም 60 ሳንቲ ሜትር በሆነ ጉድጓድ ይተከላል። በግንዱ ላይ የሚታየው የተጣበቀበት እብጠት ከአፈሩ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መታየት አለበት። እብጠቱ ከተቀበረ የላይኛው ግንድ የራሱን ሥር ያወጣል፤ ያን ጊዜ ዛፉ እጅግ ይገዝፋል፤ አበባውም ይዘገያል። ውሃ በሚቋጥር መሬት ላይ አፈሩን ቆልሎ መትከል ይገባል። በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር የተተከለ ፖም አበባ ይሰጣል ብሎ ተስፋ ማድረግ አይቻልም።

ማዳበሪያ፣ መግረዝና ማዘንበል

ዩሪያና ትኩስ ፍግ የበዛበት ዛፍ ጉልበቱን በቅጠል ይጨርሳል። የበሰለ ብስባሽ በልክ መስጠት ይሻላል። ወጣት ዛፍን አጥብቆ መግረዝም አበባውን ያዘገያል፤ የተሰበረውንና የተጠላለፈውን ብቻ ማንሳት በቂ ነው። ቀጥ ብለው ወደ ላይ የሚወጡትን ቅርንጫፎች ግን በገመድ አስሮ ወደ ጎን ማዘንበል ጠቃሚ ነው። የተዘነበለ ቅርንጫፍ ዕድገቱ ይቀዘቅዛል፤ እምቡጥም ይይዛል።

ቅጠል ማርገፍ

በብርድ አገር ቅጠሉን የሚያረግፈው ውርጭ ነው። በእኛ አገር ግን አሮጌው ቅጠል በዛፉ ላይ ስለሚቆይ እምቡጡ አይነቃም። ስለሆነም ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው፣ በደንብ የጠነከረ ዛፍ ዕድገቱን ሲጨርስ ያረጀውን ቅጠል እምቡጡን ሳይጎዱ በእጅ ማርገፍና ውሃ ማጠጣት ይረዳል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እምቡጡ ይፈነዳል። ውሃ በሌለበት ወይም ዛፉ ገና ለጋ ሳለ ይህን ማድረግ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

ካበበ በኋላ

በመጀመሪያውና በሁለተኛው ዓመት የሚታየውን አበባ መቀንጠብ እንመክራለን። ይህ ለገበሬው የሚከብድ ምክር መሆኑን እናውቃለን፤ ነገር ግን ሥሩ ያልጸና ዛፍ ፍሬ ከተሸከመ ይቀጭጫል፤ የኋላውን ምርትም ያሳጣል። ከዚያ በኋላ ፍሬ እንዲይዝ ጓደኛ ዛፍ ያስፈልገዋል። አና እና ዶርሴት ጎልደን በአንድ ወቅት ስለሚያብቡ ተቀራርበው ቢተከሉ ንቦች የአንዱን ዱቄት ለሌላው ያደርሳሉ። አበባ ላይ ባለ ዛፍ ፀረ ተባይ መርጨት ንቡንም ፍሬውንም ማጥፋት ነው።

እንግዲህ ያላበበውን ዛፍ በመጥረቢያ ከመጎብኘት በፊት እነዚህን ነገሮች ተራ በተራ መመርመር ይገባል። ዝርያው ለቦታው የማይስማማ ሆኖ ከተገኘ እንኳ ዛፉን መንቀል የግድ አይደለም። ግንዱ ጤነኛ ከሆነ ተስማሚውን ዝርያ በላዩ ማጣበቅ ይቻላል፤ የቆየው ሥርም ሳይባክን ያገለግላል።