ያልተጻፈ ይረሳል

በጎጃም ከደብረ ማርቆስ በላይ ባለው በጮቄ ተራራ ላይ፥ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ በቀድሞ ዘመን ይኖር ነበር። ዛሬ ከዚያ ጠፍቷል፤ በአገሪቱም ሁሉ የቀረው ከ500 ብዙ አይበልጥም። የጮቄ እረኞች እየተመናመነ መሄዱን ሳያዩ አልቀሩም፤ ነገር ግን ዓይን ያየውን ብዕር ካላስቀረው፥ ሹም የሚሰማው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ዓመት የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ፈቃደኞች ግን፥ በበጋ ወደ ሐይቅና ወደ ረግረጋማ ስፍራ ወርደው የውሃ ወፎችን ቈጥረው ይጽፋሉ። የአንድ ዓመት ቍጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ የብዙ ዓመታት ቍጥር ጎን ለጎን ሲታይ ግን የወፎቹ መብዛትና ማነስ ይታወቃል፤ አስቀድሞ ሊጠበቅ የሚገባውም ስፍራ ይለያል።

ይህ ሥራ ለጎጃም እንግዳ አይደለም። የርስት ስጦታና የውል ነገር በወንጌል ኅዳግ ሲጻፍ ኖሯልና፥ ባለርስቱ ቢሞት ምስክሩ አልሞተም። እንዲሁም በየደብሩ ዛፍ ጥላ የሚታየውን አውሬና ወፍ፥ ቀኑን፥ ስፍራውንና ቍጥሩን ለይቶ የሚጽፍ አንድ ካህን፥ ጽሑፉንም ተቀብሎ በመዝገብ የሚያኖር አንድ ሹም ቢገኝ፥ በጮቄ የቀረው ሁሉ እንደ ቀበሮው በዝምታ አያልፍም።