ከቀለሙ ሥር ያለው ቀለም

ደባርቅ ላይ ለብረት ሥራ ቀለም የሚገዛ ሰው በመልኩ ሲከራከር ይቆያል። አረንጓዴው ያምራል፣ ቡናማው ቆሻሻ ይችላል ይባላል። ወደ ሥረኛው ቅብ ሲደርስ ግን «አንድ ጋሎን አንቲረስት ጨምርበት» ብሎ ሒሳቡን ይከፍላል። እኔ ከሥራው ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ማንም የማያየውን ቅብ ነው፤ የላይኛው ቀለም ዕድሜ የሚወሰነው በእሱ ነውና።

ይህ ሥረኛ ቅብ፣ ማለትም ፕራይመር፣ ብረቱን ከእርጥበት ይከልላል፣ ለላይኛው ቀለምም መያዣ ይሆነዋል። በየሱቁ የምናውቀው ቀይ ቡናማ አንቲረስት መልኩን ያገኘው ከብረት ኦክሳይድ ነው፤ ዝገትን የሚከላከለው ቅብ ራሱ ከዝገት ወገን የሆነ ዱቄት አለበት ማለት ነው። ድሮ በየአገሩ ለዚህ ሥራ የሚውለው ቀይ የእርሳስ ዱቄት ነበር፤ መርዝነቱ ሲታወቅ ብዙ አገሮች እየተዉት መጡ። አገራችንም በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ ቀለም ውስጥ የሚፈቀደውን እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስናለች።

አንቲረስት ለጥቁር ብረት፣ ማለትም ለላሜራ፣ ለቱቦላሬና ለአንግል የታመነ ነው። ችግሩ «ለብረት ከሆነ ለቆርቆሮም ይሆናል» የሚለው እምነት ነው። ከዳባት እስከ ደባርቅ መንገድ ዳር ያሉትን የተቀቡ ጣሪያዎችና አጥሮች ልብ ብላችሁ እዩ። ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሳ የሚረግፍበት አይጠፋም። ባለቤቱ ቀለም ሻጩን ይረግማል፣ ቀለም ሻጩ ቀቢውን ይወቅሳል። ልጣጩ የተነሳበትን ቦታ ጠጋ ብላችሁ ብታዩ ቆርቆሮው ዝገት የለበትም። ታዲያ ቀለሙን ምን አስለቀቀው?

የቤት ቆርቆሮ ላዩ ብረት አይደለም፤ ዚንክ ነው። የተለመደው አንቲረስት ደግሞ ማሰሪያው ዘይት ያለበት አልኪድ ነው። ዘይቱ ውስጥ ያለው አሲድ ከዚንኩ ጋር ሲገናኝ፣ በተለይ እርጥበት ሲያግዘው፣ ሳሙና ይሠራል። አዎ፣ ሳሙና! ከቅቡና ከቆርቆሮው መካከል ስስ የዚንክ ሳሙና ይፈጠራል፣ ቀለሙም መያዣ ያጣል። ይህ በአንድ ቀን የሚታይ ነገር አይደለም። ቀቢው ሥራውን ሲያስረክብ ሁሉም ያማረ ይመስላል፤ ክረምት ሲያልፍበት ነው ጉዱ የሚወጣው። እንዲህ ያለውን ጣሪያ በዚያው አንቲረስት ደግሞ ማስቀባት ገንዘብ መጣል ነው፣ እባካችሁ ተዉት። ቆርቆሮን ከጥቁር ብረት ለመለየት ማግኔት ይዞ መፈተንም አይረዳም፤ ከዚንኩ ሥር ብረት ስላለ ማግኔቱ ሁለቱንም ይይዛል።

ለዚንክ የሚሆነው ለእሱ ተብሎ የተሠራ፣ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ፕራይመር ነው። የመኪና ቀቢዎች የሚያውቁት ዎሽ ፕራይመርም አለ፤ ውስጡ ያለው ፎስፎሪክ አሲድ የብረቱን ገጽ በጥቂቱ ይበላና አጥብቆ ይይዛል። በሁለቱም ቢሆን የፋብሪካው ቅባት አስቀድሞ በደንብ መታጠብ አለበት። ለአሉሚኒየምም መጀመሪያ የምመክረው ዎሽ ፕራይመርን ነው።

ጥቃቅን ሥራ ላይ ደግሞ ጉዳዩ ውፍረት ነው። አንድ የደባርቅ በያጅ ከቁርጥራጭ ብረት የሠራውን፣ ከመዳፍ የማይበልጥ ወንድ ዋልያ አሳይቶኝ ነበር። የቀንዱን እርከኖች አንድ በአንድ በሞረድ አውጥቷቸዋል። ተራራው ላይ ጨነቅ በሚባለው ቦታ ዋልያን በቅርብ ያየ ሰው ያ ቀንድ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የገዛው ሰው ወፍራም አንቲረስት በብሩሽ ደፋበትና እርከኖቹ ሞልተው ቀንዱ ልሙጥ ሆነ፤ የስንት ሰዓት የሞረድ ሥራ ተቀበረ። እርጥብ ቀለም ከሹል ጠርዝ ይሸሻል፣ ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ ጌጡ ይደፈናል፣ ጠርዙ ደግሞ ራቁቱን ቀርቶ ቀድሞ ይዝጋል። በር ላይ የሚበየዱት አበባና ጦርም ዕጣቸው ይኸው ነው። መፍትሔው ጠርዙንና የብየዳውን መስመር አስቀድሞ በትንሽ ብሩሽ መንካት፣ ቀጥሎም በቲነር የቀጠነውን ፕራይመር ሁለት ጊዜ በስሱ መርጨት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ቅርፅ ከቀዩ ይልቅ ግራጫውን እመርጣለሁ፤ ጭረትና ጉድለት ያሳያል፣ ከላይ የሚመጣውንም ቀለም አያጠቁርም።

ብረቱን ሳያጸዱ መቀባት የባሰ ነው። የብየዳው ቅርፊት ሳይራገፍ፣ ዝገቱ በብረት ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ሳይነሳ የተቀባ ፕራይመር የያዘው ዝገቱን ነው፤ ዝገቱ ሲረግፍ አብሮ ይረግፋል።

የእኛ አገር ብርድም ይታሰብበት። ደባርቅ ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፣ ጨነቅ ደግሞ 3,600 ሜትር ገደማ። ሌሊት የቀዘቀዘ ብረት ፀሐይ ከወጣ በኋላም ዓይን የማያየው ጤዛ ይይዛል። የሙያው ደንብ የብረቱ ሙቀት ጤዛ ከሚፈጠርበት መጠን ቢያንስ በ3 ዲግሪ መብለጥ አለበት ይላል። መለኪያ የሌለው ሰው ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ባይጀምር፣ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላም ባይቀባ ይሻለዋል። ፀሐዩም ቀላል አይደለም፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ባለ ሁለት ጣሳው ኢፖክሲ ፕራይመር አያያዙ ጠንካራ ቢሆንም የላይኛው ቀለም ካልተደረበበት ፀሐይ ዱቄት ታደርገዋለች። ጨነቅ ላይ ለሚቆም ሰሌዳ ኢፖክሲ ቀብቶ እንዲሁ መተው አይገባም።

ቀለም ልትገዙ ስትሄዱ ከምትቀቡት ብረት ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱ፤ «ለዚህ የሚሆነው የቱ ነው?» ብላችሁም ጠይቁ። ሻጩ ቁራጩን ሳያይ «ለሁሉም ይሆናል» ካላችሁ ሌላ ሱቅ ግቡ።