እስከ አፉ አትሙላው

በመቀሌ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ዙሪያ ለአንድ ሰዓት የቆመ ሰው የሚያልፍለት የባጃጅ ብዛት ለቆጠራ ያስቸግራል። ላምቦርጊኒ ግን ዓመት ቢጠብቅም ላያይ ይችላል። ሁለቱን በአንድ ጽሑፍ ማንሳት ቀልድ ቢመስልም፣ ነዳጅ ሲሞላ የሚነሳን እሳት ለመረዳት አብረው ቢታዩ ይጠቅማል። የብዙዎቹ ላምቦርጊኒዎችም ሆነ የባጃጅ ሞተር ከኋላ ነው፤ ታንኩም ከጋለው ሞተር ብዙ አይርቅም። አንዱ በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል፣ ሌላው የቤተሰብ እንጀራ ነው፤ ቤንዚን ግን ለሁለቱም ያው ቤንዚን ነው።

የሚነደው ምኑ ነው?

ፈሳሹ ቤንዚን ራሱ አይነድም። የሚነደው ከላዩ የሚነሳው ተን ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ቢቀዘቅዝ እንኳ ለመቀጣጠል የሚበቃ ተን ይሰጣል። ናፍጣ ግን ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ በቀላሉ ክብሪት አይቀበልም። ዕድሜውን ከናፍጣ መኪና ጋር ያሳለፈ ሰው ቤንዚን ላይ የሚዘናጋው ለዚህ ነው።

ተኑ የሚቀጣጠለው ከአየር ጋር በልክ ሲደባለቅ ብቻ ነው፤ ከመቶ 1.4 እስከ 7.6 እጅ ገደማ ሲሆን። ከዚያ ካነሰ ይሳሳል፣ ከበዛም አየር ያጥረዋል። በታንኩ ውስጥ ያለው ተን አብዛኛውን ጊዜ ከልክ በላይ የበዛ ስለሆነ እዚያው አይነድም። ወደ ውጭ ወጥቶ ከአየር ጋር ሲገናኝ ግን የሚነድበትን ልክ ያገኛል። ስለዚህ አደገኛው ቦታ የታንኩ አፍና አካባቢው ነው። ባዶ ታንክ ውስጥ 40 ሊትር ሲቀዳ 40 ሊትር ያህል ተን ያዘለ አየር በዚያው አፍ ተገፍቶ ይወጣል። ከአየር ሦስት አራት እጥፍ ስለሚከብድም ሽቅብ አይበንም፤ ወርዶ በመኪናው ሥርና በመሬቱ ላይ ይሳባል።

የመቀሌ ከፍታም ድርሻ አለው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ስለተቀመጠች፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከአምስት አራት እጁ ገደማ ነው። ግፊቱ ሲቀንስ ቤንዚን ይበልጥ ይተናል፤ የቀትር ፀሐይ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።

ጉልበተኛው መኪና ምን ይለየዋል?

የሚለየው ሙቀቱ ነው። በፍጥነት ሲነዳ የቆየ የስፖርት መኪና የጭስ መውጫ ቱቦው በብዙ መቶ ዲግሪ ይግላል፤ ተርቦው እስኪቀላ የሚደርስበት ጊዜም አለ። የቤንዚን ተን ደግሞ ያለ ክብሪት፣ በሙቀት ብቻ፣ ከ250 ዲግሪ በላይ ላይ ሊቀጣጠል ይችላል። ነፋስ ባለበት ሜዳ የጋለው ብረት ከዚህም በላይ መሞቅ ይኖርበታል፤ ተርቦ ግን ያንን አያጣም።

በመኪና ውድድር ይህ በዓለም ፊት ታይቷል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 31 ቀን 1994 በጀርመን ሆክንሃይም በተደረገው የፎርሙላ ዋን ውድድር፣ የዮስ ቨርስታፐን መኪና ነዳጅ ሊቀዳለት ቆሞ ሳለ ቤንዚኑ በጋለው መኪና ላይ ተረጨ። በሰከንዶች ውስጥ መኪናውም ሠራተኞቹም በነበልባል ተዋጡ። እሳቱ ወዲያው ጠፍቶ ሹፌሩ በቀላል ቃጠሎ ተረፈ። ከ2010 ጀምሮ በፎርሙላ ዋን ውድድር መሃል ነዳጅ መሙላት ቀርቷል።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የላምቦርጊኒ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ፋብሪካው አቬንታዶር የተባሉትን ወደ 6 ሺህ የሚጠጉ መኪኖች ለጥገና መልሶ ጠራ። ችግሩ የሚታየው ታንኩ ከልክ በላይ ሲሞላ ነበር። የቤንዚኑን ተን ሰብስቦ ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ክፍል ፈሳሽ ሊገባበት ይችላል፤ መኪናው ቆሞ ጋዝ ሲሰጠው፣ በተለይም ማርሚታው ከፋብሪካው ውጭ የተቀየረ ከሆነ፣ ተኑ ከጋለው ጭስ ጋር ተገናኝቶ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። መነሻው እንግዲህ ፍጥነት አልነበረም፤ እስከ አፉ መሙላት ነበር።

የእጥረት ልማድ

እስከ አፉ መሙላት በመቀሌ የሰነፍ ልማድ አይደለም፤ እጥረት ያስተማረው ነው። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. በኋላ ትግራይ በተዘጋችባቸው ወራት ማደያዎች ደርቀው ቤንዚን በጀሪካንና በሃይላንድ ጠርሙስ፣ በሊትር ሒሳብ ይቸረቸር ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላም እጥረቱ እየተመላለሰ መጥቷል። ነገ ማደያው ይክፈት አይክፈት የማያውቅ ባለ ባጃጅ «ጨምርበት» ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን የመቅጃው እጀታ ራሱ «ቀጭ» ብሎ ሲቆም ታንኩ ላይ የሚቀረው ባዶ ቦታ ትርፍ አይደለም። ቤንዚን ሲሞቅ ይሰፋል፤ 40 ሊትር በ20 ዲግሪ ቢሞቅ ሦስት አራተኛ ሊትር ገደማ ይጨምራል። ቦታ ካላገኘ በክዳኑ በኩል ወደ ጋለው ሞተር ይንጠባጠባል።

ጀሪካንም የራሱ ጣጣ አለው። ቤንዚን በቱቦ ሲፈስ በሰበቃ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። የታንኩ ብረት ያንን ያስተላልፈዋል፤ ፕላስቲክ ግን ያጠራቅመዋል። ጀሪካኑ የባጃጅ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ከተሞላ፣ የመቅጃው ብረት ሲጠጋው ዓይን የማያየው ብልጭታ ሊዘል ይችላል። ቤት ሲገባ ደግሞ ከጓዳ ጥግ የተቀመጠው ሃይላንድ ክዳኑ ቢላላ፣ ተኑ ወለል ለወለል ተስቦ ቡና የሚፈላበት ከሰል ጋ ይደርሳል። እሳቱም መልሶ ወደ ጠርሙሱ ይሮጣል።

ምን ይደረግ?

ሞተር ይጥፋ፤ የባጃጅ ተሳፋሪዎች ይውረዱ። ብዙ የተነዳ ተሽከርካሪ ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት ጥቂት ይረፍ። ጀሪካን መሬት ላይ ተቀምጦ፣ የመቅጃው ጫፍ አፉን ነክቶ፣ በዝግታ ይሞላ። ቤንዚን ከፈሰሰ ሞተር አይነሳ፤ ተሽከርካሪው በእጅ ተገፍቶ ይራቅ።

ስልክስ? ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ነዳጅ በቴሌብርና በመሳሰሉት እንዲከፈል ስለተደረገ፣ «ስልክ መጠቀም ክልክል ነው» ከሚለው ማስታወቂያ ሥር ስልክ አውጥቶ መክፈል የተለመደ ሆኗል። በስልክ ተነሡ የተባሉ ቃጠሎዎች ሲመረመሩ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘው ስታቲክ ነው። ስልኩ ይበልጥ የሚጎዳው ሐሳብን በመከፋፈሉ ነው፤ ስለዚህ ክፍያው ከመቀዳቱ በፊት ወይም በኋላ፣ ፈንጠር ብሎ ይፈጸም።

እሳት ቢነሳ መቅጃውን ከታንኩ መንቀል የሚነደውን ቤንዚን ዙሪያውን መርጨት ነው። ባለበት ትቶ መሸሽና ፓምፑ እንዲዘጋ መጮህ ይሻላል። ውሃ ቤንዚኑን ተሸክሞት ስለሚሄድ አይደፋበት፤ አሸዋና የዱቄት ማጥፊያ ግን ይረዳሉ።

ከእነዚህ ሁሉ ግን ምንም ወጪ የማይጠይቀው አንዱ ነው። እጀታው «ቀጭ» ሲል ቀጂው እጁን ያንሳ፣ ባለ ተሽከርካሪውም አይለምነው። ያ የቀረው ጥቂት ቤንዚን ለባጃጅ የአንድ ቀን ሥራ ብዙም አይጨምርም፤ የላምቦርጊኒ መሐንዲሶች ግን ስድስት ሺህ ያህል መኪና መልሰው የጠሩት በእንዲህ ያለው ትርፍ ሰበብ ነው።